የስንዱ አንድ ይቅርታ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ የልብስ ፋብሪካ ነበረ። ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ስልክሽን አስቀምጪና ስሚ፤ ኋላ ፍረዱ ስላችሁ «አላዳመጥኩም» ማለት የለም።

በዚያ ፋብሪካ ሸሚዝ የሚሰፉት ገና ከእናታቸው ጉያ የወጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ስንዱ ትባላለች። እጇ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ፣ የሰው ነገር ቶሎ የምታምን ልጅ። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ የሙሽራ ቀሚስ መስፋት። ደሴ ላይ ደግሞ እትዬ ዘምዘም የሚባሉ የታወቁ የሙሽራ ልብስ ሰፊ አሉ። እሳቸው የልጅቷን እጅ አይተው «ነይና ከኔ ጋር ሥሪ፤ አንድ ወንበር ይዤልሻለሁ። እስከ ቅዳሜ ግን ቁርጡን ንገሪኝ፤ ሌላም ፈላጊ አለ» ብለው ላኩባት። ስንዱ በደስታ ዘለለች። ወዲያው ደግሞ ፈራች። የለመዱትን ሥራ ጥሎ መሄድ ቀላል ነው እንዴ? ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ሰነበተ።

ፋብሪካው አንድ ልማድ ነበረው። ሰኞ ሰኞ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሰለፋል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ንጋቱ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሲጨርሱ ይጨበጨባል። የገባውም ያልገባውም ያጨበጭባል። ከዚያ ልጆቹ ተሽቀዳድመው ወደ ክፍላቸው ኃላፊ፣ ወደ እትዬ አስካለ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ይሮጣሉ።

«እትዬ፣ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? የጠጣችሁበትን ብርጭቆ አጥባችሁ መልሱ ነው የሚሉት» ትላለች እሷ፣ ያን ሁሉ የተንዛዛ ንግግር በአንድ ትንፋሽ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ለዚህ ነው እንደ እናት የሚወዷት።

ቅዳሜው ሳይደርስ፣ ሰኞ ዕለት አቶ ንጋቱ ከረባታቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ። ቃሉን ስናገረው ምላሴ ይተሳሰራልና ታገሱኝ። «የምርት ክፍል ሁለት ላይ መዋቅራዊ ሽግሽግ በማካሄድ፣ የሰው ኃይላችንን ከገበያው ፍላጎት ጋር በማጣጣም፣ ተቋማችንን ወደ ላቀ የቅልጥፍና ምዕራፍ እናሸጋግራለን። ጥያቄ ያለው?»

ማንም የለም። ተጨበጨበ። ስንዱም መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች።

አይ የኔ ልጅ! ክፍል ሁለት ማለት እኮ የእሷ ክፍል ነው። አሁን የያዝነው ሥራ ሲያልቅ ክፍላችሁ ይዘጋል፣ እናንተም ትሰናበታላችሁ፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ሰውዬው ይህን በሰው ቋንቋ ቢሉት ምን ነበረበት? ልጆቹ መባረራቸውን አጨብጭበው ተቀበሉት።

እንደ ልማዳቸው ወደ እትዬ አስካለ ሄዱ። ስንዱ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። «እትዬ፣ ምን ማለታቸው ነው? የደሴውን ነገር ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ በሞቴ!»

ለአስካለ የፋብሪካው ባለቤቶች ቀድመው ነግረዋታል። «ልጆቹ ይህን ሰምተው ከተበተኑ ሥራው ይቋረጣል፤ ያኔ ክፍሉን ዛሬውኑ እንዘጋዋለን» ብለዋታል። እሷ ደግሞ ሥራው አምሮ ከወጣ ባለቤቶቹ ልባቸው ይራራል፣ መዝጋቱን ይተዉታል ብላ ተስፋ አድርጋለች። መቀሷን አነሣች፤ ልጅቷን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

«አዲስ ማሽን ሊመጣ ነው። እናንተም የደረጃ እድገት ታገኛላችሁ። የት አባትሽ ልትሄጂ? ቁጭ ብለሽ ሥሪ!»

ስንዱ እየዘፈነች ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

አሁን ከምትፈርዱባቸው ሦስተኛዋን ላምጣላችሁ። ቤዛ ትባላለች፤ የስንዱ አብሮ አደግ ናት። አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው የሚኖሩ። ቤዛ ተምራ ስለነበር የምትሠራው ቢሮ ነው፤ ያን ንግግር በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ ናት፣ ፍቺውንም አሳምራ ታውቀዋለች። ግን አለቆቿ «ይህ ነገር ከወጣ ካንቺ ነው የወጣው፤ በማግስቱ እዚህ አትገኚም» ብለዋታል። እሷ ደግሞ አገር ቤት ያሉ፣ አባት እናት የሌላቸው ሁለት ወንድሞቿን ከደመወዟ በምትልከው ታሳድጋለች።

ያን ቀን እራት ሲበሉ ቤዛ እንጀራውን ገፋ አደረገችና «ስንዱዬ፣ ደሴ ሂጂ» አለች።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«እድገት ታገኛላችሁ ተባልን እኮ! እትዬ አስካለ ናት ያለችው!»

«እኔ ሂጂ እልሻለሁ።»

«እንዲህ ነው እንዴ! ቤቱን ለብቻሽ ፈልገሽ ነው? ወይስ እኔ ከፍ ማለቴ ቆረቆረሽ?»

ቤዛ መሶቡን አነሣች። ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች።

ቅዳሜ ስንዱ ለእትዬ ዘምዘም ይቅርብኝ ብላ ላከች። ወንበሩም ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ሥራው አለቀ፤ አምሮ፣ ተተኩሶ፣ በመኪና ተጫነ። የባለቤቶቹ ልብ ግን አልራራም። በማግስቱ ልጆቹ ሲመጡ ዘበኛው በሩ ላይ አቆማቸው። «የክፍል ሁለት ልጆች፣ እቃችሁን ብቻ ይዛችሁ ውጡ ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?» አለች ስንዱ።

አቶ ንጋቱ ከቢሮ ወጡ። «ነግረናችኋል እኮ! ሁላችሁም በጭብጨባ ተቀብላችኋል።»

ስንዱ ወደ አስካለ ዞረች። አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስንዱ ወደ ቢሮው መስኮት ዞረች። ቤዛ እዚያ ቆማለች፤ እያለቀሰች ነው፣ ግን አልደነገጠችም። አያችሁ፣ የሰው ልብ የሚቆረጠው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«ሂጂ ብዬሽ አልነበር?» አለች ቤዛ።

ስንዱ ፊቷን አዙራ ሄደች። እቃዋንም አልወሰደችም።

ደሴ ሄደች፤ እትዬ ዘምዘም አዘኑላት፣ ግን በወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ የሙሽራ ቬሎ ትሰፋለች። እሷን አስነሥተው እንዴት ያስቀምጧት? ስንዱ ወደ አገሯ ተመለሰችና ገበያ ዳር የአሮጌ ሱሪ ቀዳዳ ትጥፍ ጀመር። ያቺ የሰው ነገር ቶሎ የምታምነው ልጅ፣ «እንደምን አደርሽ» ሲሏት እንኳ ከሥሩ ምን አለ ብላ የምትፈልግ ሆነች። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰው ሁሉ ቂሙን በሚያራግፍበት ሰሞን፣ አቶ ንጋቱ፣ አስካለና ቤዛ ሽማግሌ ይዘው ወደ ስንዱ ቤት መጡ። ሦስቱም ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«እኔ ሐሰት አልተናገርኩም» አሉ አቶ ንጋቱ። «ነገሩን በአደባባይ የተናገርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ቃሉ ከበላይ የመጣ ነው፤ ያንን ትቼ በራሴ አፍ ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

አስካለ ደግሞ «እኔ ዋሽቼሻለሁ፣ ያውም በሚገባሽ ቋንቋ። አልክድም። አድናችኋለሁ ብዬ ነው፤ ይኸው እኔም አብሬያችሁ ተባረርኩ» አለች።

ቤዛ በመጨረሻ ተናገረች። «ሂጂ ያልኩሽ እኔ ብቻ ነኝ። ምክንያቱን ብነግርሽ ወንድሞቼን ምን አበላቸዋለሁ? ሰምተሽኝ ቢሆን ዛሬ ደሴ ነበርሽ። አንቺ ግን በክፉ ጠረጠርሽኝ።»

ሽማግሎቹ «እንግዲህ ልጄ፣ ለሦስቱም ይቅር በይ» አሏት።

ስንዱ ተነሥታ ቆመች። «አቶ ንጋቱ፣ የእርስዎ ንግግር አልገባኝም፤ ግን ከእርስዎ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም። እትዬ፣ ያንቺ ገባኝ፤ ስለገባኝ ነው የጠፋሁት። ቤዛ...» ፊቷን ወደ ሽማግሎቹ መለሰች። «አባቶቼ፣ በአፌ ለሦስቱም ይቅር ልል እችላለሁ። ሆዴን ስፈትሸው ግን ያለኝ አንድ ይቅርታ ብቻ ነው። ከሦስት ብከፍለው ለማናቸውም አይሆንም።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ «የውሸት ይቅርታ አንፈልግም። ያለሽን ስጪ» አሉ።

በሉ ልጆቼ፤ እናንተም አትንጫጩ፣ ተራ በተራ ተናገሩ። አንዱ እውነቱን በማይገባ ቃል ሸፈኑት፣ አንዷ በሚገባ ቃል ዋሸች፣ አንዷ እውነቱን እያወቀች ግማሹን ዋጠችው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ስንዱ እጇን ዘርግታ ከወለሉ የምታነሣው ማንኛቸውን ነው?