ለአንዲት ፊርማ የጋለ ምድጃ

ስሙኝማ፣ ነገሩ የጀመረው በአንዲት ፊርማ ነው።

ሐመልማል የሦስተኛ ዓመት የማቴሪያል ምህንድስና ተማሪ ናት። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ በላብራቶሪ ሪፖርቷ የመጨረሻ ገጽ ላይ የዶክተር ይርዳው ፊርማ እንዲያርፍላት። ዓርብ ሪፖርት መቀበል ያበቃል። ትምህርቱ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ ያልተፈረመለት ተማሪ ጓደኞቹ ሲመረቁ ቆሞ ያጨበጭባል። ማክሰኞ ጠዋት ሪፖርቷን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው» አሉ ዶክተር ይርዳው እያገላበጡ። «ፎቶው የታለ?»

«የምን ፎቶ፣ ዶክተር?»

«የብረቱ ነዋ! ብረት ግሎ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ መርፌ መርፌ ይሆናል ብለሽ ሦስት ገጽ ጽፈሻል። መርፌውን አይተሽዋል?»

«መጽሐፉ ላይ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ፊርማዬንም እዚያው መጽሐፍ ላይ ፈልጊው» አሉና ሪፖርቱን መለሱላት።

ሐመልማል ወደ ላብራቶሪ ሄደች። ብረቷ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ከሻካራው እስከ ልስልሱ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻት፤ ፊቷ እስኪታይባት ወለወለቻት። ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣ ብታይ ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነባት።

«አላሳይም አለኝ እኮ!» አለች።

የላብራቶሪው ረዳት እመቤት ሳቀችባት። «መስታወት ሰጥተሽው ምን ያሳይሽ? መጀመሪያ አሲድ ይንከሰው።»

ዶክተሩ አልፈርምም አሉ፤ ማይክሮስኮፑ አላሳይም አለ፤ ሐመልማል አሲድ ለመነች።

እመቤት ጓንቷን አጥልቃ በጥጥ አሲዱን ነካ አደረገችላት፤ አጠበችላት። አሁን ማይክሮስኮፑ ጥቁርና ነጭ ጠጠር አሳየ። መርፌ ግን የለም።

«አሲዱም መርፌ አላወጣም አለ።»

እመቤት ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፍታ ቆየች። «የኔ እናት፣ ይቺ ብረት እሳት አይታ አታውቅም። ጥሬ ናት።»

«ከጋሉት ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነበረች እኮ!»

«ከሙሽራ ጋር አንድ መኪና የተሳፈረ ሁሉ ያገባል እንዴ?»

ብረት ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። እሳት ያየውም ያላየውም ግራጫ ነው። ሐመልማል ተራዋ በደረሰበት ሳምንት፣ ብረቱን የሚያግልላቸው ቴክኒሻን ጋሽ ዘርጋው ሞቱ። ቀብር ሄደች፤ ስትመለስ ሳጥኑ ውስጥ የቀረችውን ብረት አነሳች፤ ጋሽ ዘርጋው ሠርተውልኛል ብላ አሰበች። ሰውየው ያልሠሩት ሥራ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዶክተሩ አልፈርምም አሉ፤ ማይክሮስኮፑ አላሳይም አለ፤ አሲዱ መርፌ አላወጣም አለ፤ ብረቷ እሳት አላየሁም አለች። ሐመልማል ብረቷን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ወርክሾፑ ወረደች።

የወርክሾፑ ዘበኛ ጋሽ ሞላ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምድጃውን ያብሩልኝ።»

«ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ተቆልፏል።»

«ቁልፉስ?»

«ዘርጋው ኪስ።»

«የቱ ኪስ?»

«የጋወኑ ነዋ! ሐሙስ እንደለበሰው ወጣ፤ ዓርብ አልመጣም። አዲስ ቁልፍ ይገዛ ተብሎ ተጽፏል፤ ወረቀቱ ገና ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው አሉ። ስድስት ጠረጴዛ ይቀረዋል፣ ልጄ።»

ዶክተሩ አልፈርምም አሉ፤ ማይክሮስኮፑ አላሳይም አለ፤ አሲዱ መርፌ አላወጣም አለ፤ ብረቷ እሳት አላየሁም አለች፤ ምድጃው ተቆልፌያለሁ አለ፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነኝ አለ። ረቡዕ ጠዋት ሐመልማል ወደ ጋሽ ዘርጋው ቤት ሄደች።

ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው። የጋሽ ዘርጋው ባለቤት፣ እትዬ አስካለ፣ በር ከፈቱላት። ሰማያዊው ጋወን በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የቀኝ እጅጌው በጠመኔ ነጥቷል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።»

«አሜን። ተቀመጪ። ከግቢ ነሽ?»

ሐመልማል ስለ ቁልፉ ተናገረች። እትዬ አስካለ ጋወኑን አላዩትም።

«ኪሱ ውስጥ ነው። ሲራመድ ያቃጭል ነበር፤ ሳይደርስ ነበር መምጣቱን የማውቀው። ግን እጄን አላስገባም።»

«እኔ ላውጣው?»

«አንቺማ ጭራሽ! መጨረሻ የገባበት የሱ እጅ ነው። ሌላ እጅ ከገባ የሱ መሆኑ ይቀራል።»

ሐመልማል መሐረቧን ጨብጣ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ መቁጠር ጀመረች። «ዶክተሩ አልፈርምም አሉ፤ ማይክሮስኮፑ አላሳይም አለ፤ አሲዱ መርፌ አላወጣም አለ፤ ብረቷ እሳት አላየሁም አለች፤ ምድጃው ተቆልፌያለሁ አለ፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነኝ አለ፤ ጋወኑ ከሚስማሬ አልወርድም አለ። አሁን ለማን ልንገር?»

«ቆይ» አሉ እትዬ አስካለ። «ብታገኚው ስንት ላይ ልታደርጊው ነበር?»

«ስምንት መቶ አምሳ። መመሪያው እንደዚያ ይላል።»

«ያ ምድጃ እኮ ይዋሻል! ሰማንያ ዲግሪ ይዋሻል። ሃያ ሁለት ዓመት ራት ላይ ከባለቤቴ የሰማሁት የምድጃውን ውሸት ነው። ስምንት መቶ አምሳ ካልሽው ብረትሽ ሳይደርስ ታወጪዋለሽ። ይኼንን እዚያ ማን ያውቃል?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ጋሽ ዘርጋው ነበሩ የሚያውቁት።»

እትዬ አስካለ ተነሱ፤ ጋወኑን ከሚስማሩ አወረዱ፤ ኪሱን ሳይነኩ ለበሱት። እጅጌው ጣታቸውን አልፎ ተንጠለጠለ። መንገድ ወጡ። በየእርምጃው ቁልፉ ያቃጭላል፤ ሐመልማል ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ጋሽ ሞላ ድምፁን ሰምተው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ሲያዩዋቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

የማብሪያው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። እትዬ አስካለ እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። ቁልፉና ቁራጭ ጠመኔ ወጣ።

እመቤት መቆንጠጫውን ይዛ መጣች። ምድጃው በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦ «ሐሙስ፣ ገባ 8፡10»። ጋሽ ዘርጋው ብረት ባስገቡ ቁጥር ሰዓቱን በሩ ላይ ይጽፉ፣ የፊተኛውን በእጅጌያቸው ያጠፉ ነበር። እመቤት ጨርቅ አነሳች።

«ተይው» አሉ እትዬ አስካለ። ምድጃው በርቶ ብረቷ ስትገባ በጠመኔዋ ከሥሩ ጻፉ፦ «ረቡዕ፣ ገባ 4፡25»።

የምድጃው ቁጥር ስምንት መቶ አምሳ ደረሰ፤ ሐመልማል ልታወጣት ቸኮለች።

«እዪው እስቲ» አሉ እትዬ አስካለ። «ቀለሙ የደረቀ በርበሬ ነው የሚመስለው። የበሰለ ቲማቲም እስኪመስል ጠብቂ።»

ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሲል ቲማቲም መሰለ። ጥቂት ቆይተው አውጥተው ውሃ ውስጥ ከተቱት፤ ውሃው ጮኸ።

እንግዲህ እትዬ አስካለ ጋወኑን ለበሱ፤ ጋወኑ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፤ ምድጃው ጋለ፤ ብረቷ እሳት አየች፤ ሐሙስ ሐመልማል እንደገና ፈትጋ ወለወለቻት፤ አሲዱ ነከሰ፤ ማይክሮስኮፑ መርፌውን አሳየ፤ ዓርብ ፎቶው ዶክተር ይርዳው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ምድጃውን ያጋለው ባለሙያ» የሚለው መስመር ላይ ብዕራቸው ቆመ። «አስካለ ማን ናቸው? የየትኛው ክፍል?»

«የጋሽ ዘርጋው ባለቤት ናቸው።»

ዶክተር ይርዳው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ፈረሙ።

ቁልፉ ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የራሱ ሚስማር አለው፤ ከጎኑ «ሰማንያ ጨምሩ» ተብሎ ተጽፏል። ጋወኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጠመኔዋን እትዬ አስካለ በገዛ እጃቸው ኪሱ ውስጥ መልሰው ከተቷት።