በጨርቅ የተደፈነው ቀዳዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው የጋዝ ማሞቂያ መግጠም ነው። ጥያቄህን ዘለልኩት እንዳትል፣ ጓንጉል። «ልጄን መክሬዋለሁ፤ አልሰማ ብሎ ቢጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?» ነው ያልከኝ። እሱኑ እየመለስኩልህ ነው፤ ዝም ብለህ ስማ።

በአንድ ደጋ አገር አንድ ሀብታም የምንጣፍ ቤት ነበረው። ስድስት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ከበግ ፀጉር ምንጣፍ ይሠራሉ። ብርዱ ጣታቸውን እያደረቀ ሥራው ቢጓተትበት፣ ሀብታሙ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ሙቀት የሚነፋ የጋዝ ማሞቂያ ገዛና ይህን ሰው ጠራው።

ሰውየው በእረፍት ቀን መጥቶ አሳምሮ ገጠመው። ማሞቂያውን ከእንጨቱ ማገር አራቀ፤ የጭስ ማውጫውን በጣሪያ አወጣ፤ የቧንቧውን መጋጠሚያ ሁሉ የሳሙና አረፋ እየቀባ ጋዝ እንዳያፈተልክ አየ። እሳት አየር ሲያጥረው መርዝ ይተፋልና፣ ግድግዳውን በስቶ ስንዝር ተኩል የሚሆን የአየር ማስገቢያ ከፈተ። ይህ ቀዳዳ እንዳይዘጋ ብሎ ለሀብታሙ ነገረው። ከፋብሪካው የመጣውንም የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ክፉ ወሬ መጣለት። ሴቶቹን ራሳቸውን አዙሯቸዋል፤ ታላቃቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሥራዋ ላይ ተደፍታ ወድቃ ሐኪም ቤት ገብታለች፤ ገና ሰው አልለየችም። እየበረረ ሲደርስ ቀዳዳው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅጥቋል። ጨርቁን መዞ ጣለና ሴቶቹን ተቆጣቸው። እነሱም አንገታቸውን ደፉ። ከሰል እንደሚገድል ያውቃሉ፤ ይኼ ግን ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ምን ብለው ይፍሩት? ንፋስ እንደሚያሳምም ግን ከእናታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ሰውየው መርዙን ነገራቸው፤ ሁለተኛ አይለምደንም አሉት።

በማግስቱ ቢመጣ ቀዳዳው በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። ማነው ቢል አንዷ ግማሹን ብቻ ነው የደፈንኩት አለች። ሌላዋም እንዲሁ፣ ግማሹን ብቻ። በሉ እንግዲህ፣ ሁለት ግማሽ ስንት ይሆናል? ጋዙን ዘግቶ ወጣ።

ግራ ገባው። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉትን ሰዎች እንኳ አላያቸውም። ምን ጎደለ? ብሎኑ ጠብቋል፣ ቧንቧው አላፈተለከም፣ ቀዳዳው ልክ ነው፣ ተነግሯል፣ ተለጥፏል። ታዲያ ሰው ሞቱን በገዛ እጁ ይጠቀጥቃል? አንድ የሙያ ባልደረባውን ቢያማክር፣ ነግረሃቸዋልና ከደሙ ንጹህ ነህ አለው። ለጊዜው ደስ አለው። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ደጅ ቆመው ያያቸው የጥሩወርቅ ልጆች ትዝ አሉትና ደስታው ጠፋ። ብትሞት ልጆቿ ፊት ቆሞ ወረቀት ለጥፌ ነበር ሊል ነው?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀዳዳውን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን ለኩሶ፣ በጥሩወርቅ ባዶ መቀመጫ ተቀመጠ። ዛሬ ማን እንደሚደፍነው በዓይኔ አያለሁ አለ። ዓይኑን ከሴቶቹ አልነቀለም። ማንም አልተነሳም። ረፋዱ ላይ ብርድ ማጅራቱን ቆረጠመው፤ ጋቢውን ሳብ አደረገ፤ ትንሽ ቆይቶም ትከሻውን አዞረ። ድንገት አንዷ ሴት አፏን ይዛ ሳቀች። ዞር ቢል የጋቢውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ የሚጠቀጥቀው የገዛ እጁ ነው።

ሰውየው አፈረ። ለካ ቀዳዳውን የከፈተው ከመቀመጫዋ ጀርባ ኖሯል! የገጠመ ዕለት ቤቱ ባዶ ነበር፤ ማን የት እንደሚቀመጥ አልጠየቀም። ያኔውኑ ማሞቂያውን አጠፋ። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነ፤ ከውጭ አየር የሚስብ ሰፊ ቧንቧ ሰው ከማይቀመጥበት ጥግ እስከ ማሞቂያው አደረሰ፤ አፉንም ጨርቅ እንዳይገባበት በብረት ወንፊት አጠረ። በሩን ዘግቶ እንደገና ለኮሰና አብሯቸው እስኪመሽ ተቀመጠ። ራስ ሲያዞር ምን እንደሚደረግም ለሀብታሙ ሳይሆን ለእያንዳንዷ ነገራት።

ከዚያ ሐኪም ቤት ሄደ። ጥሩወርቅ ነቅታ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ» አላት።

«ነጠላዬን የጠቀጠቅሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ነሽ። እኔም ጋቢዬን ጠቅጥቄያለሁ።»

አየህ ጓንጉል፣ ምክርህ እውነት ነው፤ ልጁ ያለሱ አይኖርም። ግን እንግዳ ፊት፣ ቆመህ፣ ማጅራቱ ላይ ለቀቅክበት። በረደውና ደፈነው። ጥፋቱ የማን ነው ላልከኝ፣ የሁለታችሁም ይሆናል፤ እኔ እንጃ። ሰውየው ግን ይህንኑ ሲያሰላስል ሴትዮዋ አልጋ ላይ ነበረች። ለመሆኑ ልጅህ ትናንት የት አደረ? አታውቅም? በል ተነስ፣ ከዚያ ጀምር።