ዋግ ያልረታው ስንዴ

በአንድ ወቅት ዋግ የሚሉት በሽታ የስንዴ አገሩን ዓመት ከዓመት ይመታው ነበር። አዝመራው ለእሸት ሳይደርስ እንደ ዝገት ቀልቶ ይቀራል። በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ከታላቅ ወንድሟ ከደምለውና ከታናሽ እህቷ ከውዲቱ ጋር ትኖር ነበር።

አንድ ክረምት ደምለው ከማሳው ዳር፣ ድንጋይ መሀል አንድ የዱር ሣር አየ። ዛላው ስንዴ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ቀጭን ነው። ስንዴው ሁሉ ሲቀላ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነበር። ጎረቤቶቹ እንክርዳድ ነው፣ ንቀለው አሉት። እሱ ግን በእሾህ አጠረው፤ ሣሩ በየዓመቱ ራሱን እየዘራ ሲበቅል፣ ከብት እያባረረና ሰው እየሳቀበት ጠበቀው።

አንጓች ሌላ ነገር ታያት፤ የሣሩን ብርታት ለስንዴው ማውረስ። የስንዴውን አበባ በወስፌ ጫፍ እየከፈተች የዱሩን ሣር የአበባ ብናኝ ነሰነሰችበት። ዛላው ባዶ ሆነ። በተከታዩም ዓመት ባዶ፣ በሦስተኛውም። ዓይኗ ደከመ፤ ይቅርብሽ ያላት ብዙ ነው። በሰባተኛው ዓመት አንድ ዛላ አራት ፍሬ ያዘ። እነሱን ዘርታ፣ መልሳ ከስንዴ ጋር አዳቅላ በመጨረሻ አንድ ቅል ዘር ሰበሰበች። እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

በበጋው ሁለቱ ታላላቆች ገበያ እንደሄዱ ቤታቸውን እሳት ያዘው። ውዲቱ ጣራው እየተደረመሰ ገብታ ቅሉን በደረቷ አቅፋ ወጣች። ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ ተዘርግተው አያውቁም።

ዘሩ ተዘራ። ዋጉ መጣ፤ ስንዴው ግን ከዳር እስከ ዳር እንደቆመ በሰለ። ሽማግሌዎች ስንዴው ለዘላለም በአንድ ሰው ስም ይጠራ ብለው ሦስቱን አስጠሩ።

ደምለው፣ «እኔ ባልጠብቀው ምኑ ይዳቀል ነበር?» አለ።

አንጓች ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ አንተ የጠበቅኸው ሣር ነው። ስንዴ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች።

ውዲቱ ሲጠይቋት ብቻ፣ «ከዚያ ቤት አንድ ነገር ብቻ ማውጣት እችል ነበር፤ እሱን አወጣሁ» አለች።

አንጓች የእህቷን እጆች አየች። የዓመታት ልፋቷ አላነሰባትም፤ ሆኖም እነዚያን እጆች በእጆቿ ያዘች።

ሽማግሌዎቹ ተከራክረው ሳይስማሙ ተነሡ። እናንተስ ብትሆኑ ስንዴውን በማን ስም ትጠሩት ነበር?