ያልተዘጋው የእታፈራሁ ገጽ

እታፈራሁ ከሞተች ሁለት ወር ሆናት።

ስሙኝማ፤ የሽቦና የወረቀት ተረት ነው። ባሏ ልንገረው ባጃጅ ነጂ ነው። አሁን አራት ወር የሆናት ሴት ልጅ ትታለት ሄዳለች። ልጅቱ የክርስትና ስም አላት፤ የምትጠራበት ስም ግን የላትም። ሚጡ ይሏታል። ባልና ሚስቱ ገና ሲጋቡ፣ "ወንድ ከሆነ አንተ፣ ሴት ከሆነች እኔ ስም አወጣለሁ" ተባብለው ነበር። እታፈራሁ የወረዳው የልደትና የሞት መዝጋቢ ነበረች። ስሙን አወጣች፣ ግን ለማንም አልተናገረችም። "በወረቀት ታየዋለህ" አለችው።

በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለች አንድ ቀን ቢሮ ገባች፤ የልጇን ልደት ራሷ ልትሞላ። መሐል ላይ የኢንተርኔት መስመሩ ተቋረጠ። "ትንሽ ጠብቀኝ፣ አሁን ይመለሳል" አለችው በመስኮት። ልንገረው ውጭ ባጃጁ ላይ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ከብዷል። ክላክስ ነፋ። "ነገ ትጨርሺዋለሽ፣ ነይ!" ደግሞ ነፋ። ገጹን እንደተከፈተ ትታው መጣች። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ወሰዳት።

አሁን ልንገረው የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የልጅቱ ስም ያለበት ያ የልደት ወረቀት። ሚጡን ታቅፎ ቢሮ ገባ። ከእታፈራሁ ጎን ትሠራ የነበረችው ወይዘሮ ጥሩዓለም ልጅቱን ተቀበለችውና ማተሚያውን አዘዘች።

"አላትምም" አለ ማተሚያው። "ያለቀ መዝገብ ስጡኝ።"

"ይሄ ማተሚያ ከአለቃችን ይብሳል" አለች ጥሩዓለም።

"ሰማሁሽ!" አሉ ኃላፊው አቶ ጓንጉል ከውስጠኛው ክፍል።

"እንዲሰሙ ነው ያልኩት፣ ጋሼ!"

ወደ መዝገቡ ሄዱ። "አልዘጋም" አለ መዝገቡ። "እጅ ላይ ነኝ። አንድ ሴሽን ከፍቶ ይዞኛል።"

መዝገቡ አይዘጋም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሚጡም ስም የላትም።

ሴሽን የሚሉት እንዲህ ነው። በዞኑ ከተማ ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለ። የወረዳ መዝጋቢዎች ሁሉ በመስመር እሱ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። ለየአንዳንዳቸው አንድ ክፍል ይከፍትላቸዋል፤ ሴሽን ያ ክፍል ነው። መስመር ሲቋረጥ ሰውየው ወረዳው ላይ ይቀራል፣ ክፍሉ ግን እዚያው ከነሥራው ተከፍቶ ይቆያል።

"አልለቅም" አለ ሴሽኑ። "የእታፈራሁ ነኝ። ሥራዋን አልጨረሰችም። ስትመለስ ምን እላታለሁ?"

ልንገረው መሬት መሬት አየ።

"ይባረርና እንደ አዲስ እንጻፈው" አለች ጥሩዓለም ቀስ ብላ። "ከተባረረ ግን ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል። ስሙን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም፣ እትዬ።"

"እኔም አላውቀው። ስጠይቃት ትስቃለች።"

ሴሽኑ አይለቅም፣ መዝገቡ አይዘጋም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሚጡም ስም የላትም።

በመስመር ሰርቨሩ ዘንድ ደረሱ። "አላሰናብትም" አለ ሰርቨሩ። "የሌላው ወረዳ ሰው ከተቋረጠ በግማሽ ሰዓት አሰናብተዋለሁ። የዚህን ወረዳ ግን እስኪመለስ ጠብቅ ተብያለሁ። ያለችኝ ምንታምር ናት፤ እሷን ጠይቁ።"

ሰርቨሩ አያሰናብትም፣ ሴሽኑ አይለቅም፣ መዝገቡ አይዘጋም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሚጡም ስም የላትም።

ምንታምር የሰርቨሩ ጠባቂ ናት፤ ዞን ላይ ነው የምትሠራው። ጥሩዓለም ደወለችላትና ስልኩን ለልንገረው ሰጠችው።

"እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ" አለች ምንታምር። "ጠብቅ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የለመነችኝ ግን እሷ ናት። 'የእኛ መስመር በቀን ሦስቴ ይቋረጣል፤ በተቋረጠ ቁጥር ሥራችንን አትጣይብን፣ ጠብቂን' አለችኝ። እሺ አልኳት።"



"አሁን ምን ይሁን?" አለ ልንገረው።

"ማባረር አያስፈልግም። የይለፍ ቃሏን ቀይሬ በእሷ ስም ብንገባ ሴሽኑ እንደተወችው ይከፈታል። ግን ያለ ደብዳቤ በሰው ስም አላስገባም። አቶ ጓንጉል ይጻፉልኝ።"

"መስመሩ ያን ቀን… ተቋርጦ ብዙ ቆየ?"

ምንታምር የኮምፒውተሯን ቁልፎች ስትጫን ይሰማል።

"አራት ደቂቃ" አለችው።

በአራት ደቂቃ ዝናቡ እንኳ ገና አልጀመረም ነበር፤ ቤት ደርሰው ሻይ ጠጥተው ነው የጣለው።

ምንታምር አታስገባም፣ ሰርቨሩ አያሰናብትም፣ ሴሽኑ አይለቅም፣ መዝገቡ አይዘጋም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሚጡም ስም የላትም።

አቶ ጓንጉል ዘንድ ገቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወንበር ሳቡለት።

"አልጽፍም፣ ልጄ" አሉ። "አትቀየመኝ። በሕይወት ባለ ሰው ስም ገብቶ መሥራት ወንጀል ነው።"

"ጋሼ፣ ቀብሯ ላይ ነበሩ እኮ!"

"ነበርኩ። አፈር አልብሻለሁ። መዝገባችን ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለች ይላል። ሞቷን አላስመዘገብክም።"

እውነት ነው። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። አንዴም ወደዚህ ሲመጣ ደም ግፊቴን ልለካ ብሎ ጤና ጣቢያ ገብቶ ተቀምጦ ውሏል። ለሰው ሁሉ "ነገ" ይላል።

ጥሩዓለም ወጥታ ከመሳቢያዋ አንድ የሞት መመዝገቢያ ቅጽ አመጣች። "እኔ ሞልቼዋለሁ። ከሰልስቷ ማግስት ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የቀረው ያንተ ፊርማ ነው።"

ልንገረው እስክሪብቶውን ያዘ። አስቀመጠው።

"አልፈርምም" አለ።

በሉ እንግዲህ! ልንገረው አይፈርምም፣ ጓንጉል አይጽፉም፣ ምንታምር አታስገባም፣ ሰርቨሩ አያሰናብትም፣ ሴሽኑ አይለቅም፣ መዝገቡ አይዘጋም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሚጡም ስም የላትም። አንዱ ሌላውን ይዞ፣ ሁሉም እሷን ይጠብቃል። ከሁሉ አጥብቆ የሚጠብቀው ባሏ ነው።

ሚጡ ጥሩዓለም ጭን ላይ ማልቀስ ጀመረች። "አይዞሽ…" አለች ጥሩዓለም፣ ልታባብላት። "አይዞሽ የኔ…" ብላ ቆመች። ማን ብላ ትጥራት? "ሚጡ" ብትልስ፣ ሚጡ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ስም ነው።

ልንገረው እስክሪብቶውን አነሳ።

ልንገረው ፈረመ። ልንገረው ቢፈርም ጓንጉል ጻፉ። ጓንጉል ቢጽፉ ምንታምር አስገባች። ምንታምር ብታስገባ ሰርቨሩ ክፍሉን አሳየ። ሰርቨሩ ቢያሳይ ሴሽኑ ተከፈተ፤ እንደተወችው፣ ጠቋሚው መስመሩ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ።

የሕፃኗ ስም፣ ይላል ገጹ፤ አትጠገብ።

የአባት ስም፤ ልንገ

እዚያ ላይ ነው የተቋረጠው። የልጅቷን ስም ጨርሳ፣ የእሱን ጀምራ፣ መስመሩን ስትጠብቅ ነው ክላክሱን የነፋባት።

"ልሙላልህ?" አለች ጥሩዓለም።

"እኔ ልሙላው።" በአንድ ጣቱ ፊደሎቹን ፈልጎ "ረው" ብሎ ጨመረ።

ገጹ ቢሞላ ሴሽኑ መዝገቡን ለቀቀ። ሴሽኑ ቢለቅ መዝገቡ ተዘጋ። መዝገቡ ቢዘጋ ማተሚያው አተመ። ማተሚያው ቢያትም ሚጡ አትጠገብ ልንገረው ሆነች። አቶ ጓንጉል ማኅተሙን መቱበት። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር።

"አትጠገብ" አላት አባቷ። አየችው። ከዚያ የጥሩዓለምን የአንገት ሐብል ማየት ቀጠለች።

"ይቺ እንኳ ስሟን ለምዳው ነው የመጣች!" አለች ጥሩዓለም፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ስልኩ አሁንም ክፍት ነበር። "ሴሽኑን ከዚህ ልዝጋው?" አለች ምንታምር።

"ቆይ" አለ ልንገረው።

የመውጫ ሰዓት ደርሷል። ጥሩዓለም ቦርሳዋን አንስታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። አቶ ጓንጉል ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ማንም አላጣደፈውም። ልንገረው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ እሷ የጻፈችውን እያንዳንዱን ፊደል። ደግሞ አነበበ።

"አራት ደቂቃ ብቆይ ምን ነበረበት" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ በገዛ እጁ "ውጣ" የሚለውን ተጫነ።