የመምህር አጥናፉ ማባዣ

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ሰው የማይረባ ነገሩን በትልቁ ሲያቀርብ፣ ለምሳሌ ሻካራ ድምፁን በድምፅ ማጉያ ሲያስጮኸው ወይም አጭሯን ውሸት በረጅም ንግግር ሲደጋግማት፣ ከሰዉ መካከል አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና አራት ቃል ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ ሁሉም ይስቃል። የማይስቀው መምህር አጥናፉ ብቻ ነው። አባባሉ የተወለደው በእሱ ግቢ፣ በእሱ ቴሌስኮፕና በእሱ እልህ ስለሆነ ቢያንስ የአባትነት ምስጋና ይገባው ነበር። እስከ ዛሬ ግን የሰጠው የለም።

አጥናፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ መጥተው የነበሩ አንድ መሐንዲስ ሥራቸው አልቆ ሲሄዱ ቴሌስኮፓቸውን ትተውለት ሄዱ። ቱቦው ክንድ የሚያህል ነው፤ አፉ ደግሞ ከቡና ሲኒ አይሰፋም። ከኋላው፣ ዓይን በሚያርፍበት በኩል፣ የምትሰካ አንዲት የዓይን ሌንስ ነበረችው፤ ከበድ ያለች፣ ጥቁር ቀለሟ የተፋቀ። በእሷ ሲያዩ ጨረቃ ትንሽ ናት፤ ግን ጥርት ያለች፣ ጠርዟ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አግኝቶ ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። አጥናፉ ግን ጎረቤት መጥቶ አየት አድርጎ "ይችው ናት?" ባለ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

በዚያው ሰፈር መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የሚባሉ የባሕረ ሐሳብ መምህር ይኖራሉ፤ ከተማው ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል። ስልሳ ዓመት ሙሉ የጨረቃን ቀን እየቆጠሩ፣ ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል እያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በግራው ላይም ሞራ እየወረደበት ነው። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሲሰጣቸው "ሊበራም ይችላል፣ ላይበራም ይችላል" ብሏቸው ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ አጥናፉ ግቢ መጡ።

"አጥናፉ፣" አሉት፤ "ይህችን ጨረቃ ዕድሜዬን ሙሉ ቆጠርኳት እንጂ ፊቷን አላየሁትም። ይሄ ዓይኔ ሳይሄድ አንድ ጊዜ አሳየኝ።"

ሰማዩ ያን ዕለት እንደ ታጠበ ሰሃን የጠራ ነበር። ቴሌስኮፑም በእግሩ ቆሟል። የቀረው "ይቀመጡ" ማለት ብቻ ነበር።

"የኔታ፣ በዚህች ሚጢጢማ አላሳይዎትም" አለ አጥናፉ። "ለእርስዎ የሚመጥን ሌንስ አመጣለሁ። ጨረቃ ግቢዎ ውስጥ የወረደች እስኪመስልዎት ነው የማሳይዎት።"

"ይህችኛዋ ምን ሆነች?"

"ትንሽ ናቻ!" አለ፣ ክርክሩ በዚህ ያለቀ ይመስል።

የኔታም "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ተመለሱ።

አጥናፉ አዲስ አበባ ሊወርድ ሲዘጋጅ ትርንጎ ሰማች። ትርንጎ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ መነጽርና ሰዓት የምትጠግን የቀድሞ ተማሪው ናት።

"መምህር፣ ከሄዱ አይቀር አንዲት ብቻ ይግዙ" አለችው። "መካከለኛ የምታጎላ፣ መስታወቷ የጠራ፣ ዓይን ራቅ አድርገው እንደ ልብ የሚያዩባት ትሁን። የኔታ መነጽር ያደርጋሉ፤ ቅንድባቸውን ሌንስ ላይ መለጠፍ አይችሉም። የድሮዋንም እንዳይጥሏት።"

"ለመሆኑ በእኔ ትምህርት ውጤትሽ ስንት ነበር?"

"ሰባ ሁለት።"

"ታዲያ!" አለና አውቶቡስ ላይ ወጣ። በእሱ ሒሳብ የሰባ ሁለት ሰው ምክር ለመቶ ሰው አይሆንም።

አዲስ አበባ የገባበት ሱቅ የፀጉር መቁረጫ፣ የእጅ ባትሪና የሕፃናት አሻንጉሊት ጎን ለጎን የተደረደሩበት ነበር። ሻጩ ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ አየና ቀይ ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን ከፈተለት። ውስጡ አምስት የዓይን ሌንሶች እንደ ወርቅ ጥርስ ያብለጨልጫሉ። አጠገባቸው አንዲት ረዘም ያለች ቱቦ ተኝታለች።

"ጋሼ፣ ይህች ባርሎ ትባላለች" አለ ሻጩ። "ማባዣ ናት። ቴሌስኮፑ ላይ ይሰኳትና ሌንሱን እሷ ላይ ይደርባሉ። በቃ፣ ሁለት መቶ የነበረው ስድስት መቶ!"

"ስድስት መቶ?"

"ስድስት መቶ እጥፍ! ጨረቃ ላይ ጉንዳን ካለች እግሯን ይቆጥራሉ።"

አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጨረቃ ላይ ጉንዳን እንደሌለች ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። አጥናፉ ግን በልቡ እግሮቹን መቁጠር ጀምሮ ነበር።

የያዘው ገንዘብ ለሳጥኑ አልሞላም። ሻጩም አጥናፉ ለልክ ብሎ ይዟት የመጣውን አሮጌዋን ሌንስ ወደ ብርሃን አድርጎ አገላብጦ አያት። "ይህችን አሮጊት ይተዉልኝና እንጨርስ" አለ። "እኔንስ ምን ትጠቅመኛለች፤ ለእርስዎ ስል ነው እንጂ።" የማትጠቅመውን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ሲከታት፣ አጥናፉ ስለ ደግነቱ ሁለት ጊዜ አመሰገነው።

መሐል ሜዳ ሲመለስ ጨረቃ የምሽት ተራዋን ጨርሳ ነበር። ከዚያ ደመና መጣ። ደመናው ሲሄድ ነፋስ መጣ። እንዲህ እያለ ወር አለፈ፤ የየኔታም ሞራ ሥራ ፈትቶ አልጠበቀም። ትርንጎ ሳጥኑን ለማየት ስትመጣ አንዱን ሌንስ አንስታ እፍ አለችበት፣ በጥፍሯ ቧጠጥ አደረገችው፣ በመስኮቱ ብርሃን አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

"ፕላስቲክ ነው፣ መምህር።"

"ስድስት መቶ እጥፍ ነው!"

"ቱቦው የሚሰበስበው ብርሃን እኮ ያው የሲኒ አፍ ነው። እንግዳ በዛ ተብሎ ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመር ወጡ በረከተ ይባላል እንዴ?"

አጥናፉ ይህን በትዕግሥት አዳመጠና ቅናት መሆኑን ወዲያው ተረዳ።

የኔታ ማክሰኞ ለቀዶ ጥገና ሊሄዱ፣ ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ጨረቃ አናት ላይ ቆመች። አጥናፉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር። ስለ ፀሐይ ቤተሰብ አጠር ያለ ንግግር አደረገ፤ አጭሩ ንግግር ሁለት ሕፃናትን አስተኛ። ከዚያ ማባዣውን ሰካ፣ በላዩ ከአምስቱ ሌንሶች ዋና አጉሊውን ደረበና ጨረቃን መፈለግ ጀመረ። የገዛ ዓይኑ ያለ ምንም ሌንስ የሚያያት ጨረቃ በቴሌስኮፑ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጠፋች። ቱቦውን በጣቱ በነካ ቁጥር ሰማዩ ጥሎት ይሮጣል። የመንዝ ነፋስም በበኩሉ አላነሰም፤ ሦስቱን እግሮች ያንቀጠቅጣል።

በመጨረሻ አገኛት። ያገኘው ነገር እንደ ገብስ አጥሚት የሚንተከተክ፣ ዳርና ዳሩ ቀይና ሰማያዊ የሆነ ግራጫ ነገር ነው። ግን ሠላሳ ሰው ቆሞ ያየዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ "ተሳስቻለሁ" ብሎ የማያውቅ ሰው ዛሬ ከየት ያምጣው?

"ይምጡ፣ የኔታ!" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ። "ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?"

"እዚሁ፤ ይጠጉ። ገና ይጠጉ።"

ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ያህል ስለነበር ሽፋሽፍታቸው ሌንሱን ጠረገው፤ ዓይናቸው አነባ።

"ታየዎት?"

"ታየኝ።"

"እንዴት ነው?"

"አመድማ ነው። ይንቀጠቀጣል። ዳር የለውም።" ቀና አሉና ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለው ነበር። "ልጄ፣ ይሄንንማ ቤቴ ተቀምጬ በራሴ ዓይን አየው የለም ወይ? ይሄን ለማሳየት ነው ወር ሙሉ ያስጠበቅኸኝ?"

የሳቀ ሰው አልነበረም። አጥናፉ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ያን የጠራ ማታ፣ የኔታ በር ላይ ቆመው "አሳየኝ" ሲሉት አሰበና፣ ነፋሱ ፊቱ ላይ ሲነፍስ ጉንጩ እንደ ምድጃ ጋለ። "የኔታ፣ እኔ…" ብሎ ጀመረ።

ትርንጎ በዚህ መካከል ሹልክ ብላ ወደ ሱቋ ሮጣ ነበር። ስትመለስ በእጇ አንዲት አሮጌ የዓይን ሌንስ ይዛለች፤ ከተሰበረ የወታደር የሩቅ ማያ መነጽር የነቀለቻት ናት። ሩጫው ትንፋሽ ቢያሳጥራትም፣ በብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ዙሪያዋን ጠመጠመችና ለቱቦው ልክ አደረገቻት። ማባዣውን ነቅላ ለባለቤቱ ሰጠችው፤ በቦታው አሮጌዋን ሌንስ ሰካች።

"ዓይንዎን ራቅ ያድርጉ፣ የኔታ። መነጽርዎንም መልሰው ያድርጉት።"

የኔታ አዩ። ሞራው ባልደረሰበት ጠባብ መንገድ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። ምርኩዙ ከእጃቸው ወድቆ እንኳ አላነሱትም።

"ጠባሳ አላት" አሉ ቀስ ብለው። "ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ላይ ጉድጓዶች አሉ። ጥላቸው ሳይቀር ይታያል።" ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "በእኔ ቁጥር ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። እሷም በፊቷ እንደዚያው ትላለች። ስልሳ ዓመት ሳልዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው።"

ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ነፋሱን ረገሙ። ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ነበር፤ አጥናፉም አፉን ከፈተ። ግን ሰው ነውና፣ ያችን ማባዣ እንደ ጨቅላ ደረቱ ላይ እንደታቀፈ፣ ሌላ ነገር አመለጠው።

"መቼም አነስ ሳትልብዎት አልቀረችም፣ የኔታ? በእኔው እኮ አሥር እጥፍ ትልቅ ነበረች!"

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸውን ከጨረቃዋ ሳይነቅሉ፣ ለተማሪ ቅኔ እንደሚነግሩ ሁሉ ረጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ብዥታ ቢባዛ፣ ጥራት አይገዛ" አሉት።