አንድ ጋቢ ለሦስት አስተማሪ

በአንድ ወቅት፣ ጉሟ ሳይገፈፍ በማይነጋባት በደብረ ሲና፣ ጥጋቡ የሚባል አስተማሪ ነበር። የከተማው ልጆች የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየወደቁ ሲመለሱ አንጀቱን በሉት። ለፈተናው የሚያስጠና አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ዘገየ። እሱ ግን ፎቁ ላይ ተቀምጦ የሚጠራው ዋጋ ለነጋዴ ልጅ ካልሆነ የሚቀመስ አልነበረም።

ጥጋቡ የእድሩን ሽማግሌዎች ደጅ ጠንቶ፣ ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጥበትን ዕቃ ቤት ለመነ። ቁልፉን ሰጡት። ልጆቹ አቅማቸው የፈቀደውን እየከፈሉ፣ ያልቻሉም በምርቃት እየታለፉ መማር ጀመሩ። ሰው ሲሞት አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ተማሪው የድንኳን ጥቅል ላይ ይቀመጣል። ከተማሪዎቹ አንዷ ማርነሽ ነበረች፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሎ የምትሸጠው የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ። ስትመጣ አንድ አንቀጽ አንብባ ሐሳቡን መናገር አትችልም ነበር። ጥጋቡ ዓመት ሙሉ አስነበባት። ከተማው «የድሃ አባት» አለው። ስሙን ወደደው፤ ምን ያድርግ፣ ሰው ነው።

ከዚያ ፀዳለ መጣች። በሕግ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ወደ ቤተሰቧ የተመለሰች የከተማው ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ላግዝዎት» አለችው፤ ደስ ብሎት እሺ አላት። ብዙም ሳትቆይ፣ ጥጋቡ ዓመት ሙሉ ያላየውን አየች። ልጆቹ የክርክር ጥያቄ ሲመጣ የተጻፈውን ትተው ባላጋራዎቹን የሚያስታርቀውን መልስ ይመርጣሉ። በሬው የማን ነው ሲባሉ «ይካፈሉት» ይላሉ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ እያዩ ያደጉ ልጆች፣ ከየት ያምጡት!

«ማርነሽ፣ ማን አሸማግዪ አለሽ?» አለቻት እየሳቀች።

«ታዲያ ተጣልተው ይቅሩ እንዴ?»

«ይቅሩ! አንቺ የተጻፈውን ብቻ ፍረጂ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

ማርነሽ ገባት። የምትስተውም እያነሰ ሄደ። ዕቃ ቤቱ ሁሉ «ቲቸር ፀዳለ፣ ቲቸር ፀዳለ» ሆነ። ጥጋቡ ሲገባ ተማሪዎቹ ለይሉኝታ ይነሣሉ፤ እሷ ስትገባ ግን ፊታቸው ይበራል። ጥጋቡ ቀና። አቅልዬ አልነግራችሁም፤ ቅናቱ እህል አስጠላው። ሳቋን ሲሰማ ጆሮው ይግላል። ጥሩ አስተማሪ መሆኗን ያውቃል፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሰነፍ ብትሆንማ ኖሮ ይወዳት ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ «እድሩ ቤቱን ፈልጎታል» ብሎ ቆለፈው። እድሩ አልፈለገውም። ፀዳለ ደጋግማ መጥታ ከተዘጋው በር ፊት ቆመች፤ ኋላ ነገሩ ሲገባት «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላ ቤቷ ተቀመጠች። ልጆቹ ተበተኑ። ማርነሽም መጽሐፏን አጥፋ ከእናቷ ጎን ቆሎ መሸጥ ጀመረች።

ይህን አቶ ዘገየ አየ። ለድሃ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። የጥጋቡ ስም በተጠራ ቁጥር እሱም ሲቃጠል ከርሟልና፣ የጥጋቡን ተማሪ አሳልፎ ጥጋቡን ማሳፈር አማረው። መኪና ማቆሚያው ድረስ ወርዶ፣ «ወይዘሮ አሰለፈች፣ ልጅዎን ይላኩልኝ። በነጻ» አለ። ማርነሽን ፎቁ ላይ አስቀምጦ፣ ሰዓት እየያዘ የድሮ ፈተናዎችን አሠራት። ልተወው ስትል ተቆጣት። የፈተናው ዕለትም በገዛ መኪናው ደብረ ብርሃን አደረሳት። ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ለካ ይህ ነው።

ማርነሽ አለፈች።

እናቷ ክረምቱን በእጇ የፈተለችውን ጥጥ ጋቢ አሠርታ ጎረቤት ጠራች። ልጅን ለወግ ላበቃ አስተማሪ ጋቢ ማልበስ ትልቅ ክብር ነው። ሦስት ለማሠራት ግን ጥጡም አቅሙም አልነበራትም። «ልጄን ያሳለፈልኝ ሰው ይልበስልኝ» ብላ ጋቢውን ዘረጋች። ጥጋቡ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ከሚያየው መሞትን መረጠ።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ፈጥኖ።

«የዘጋውስ?» አለ አቶ ዘገየ።

የጥጋቡ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«እውነት ነው፣ ቀናሁ» አለ። «ቢሆንም አንተን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን አመጣህ? ማንበብ የማትችል ልጅ ብትመጣብህ ከደረጃው ትመልሳት አልነበር?»

«እመልሳት ይሆናል። ቆሎዋ ላይ ከተቀመጠችበት ያስነሣኋት ግን እኔ ነኝ። ለምን እንዳስነሣኋት ለእግዜር እመልሳለሁ።»

ፀዳለ እስኪጨርሱ ጠበቀች። «ያ ስህተቷ ባይታረም ኖሮ፣ አንብባም ተለማምዳም ትወድቅ ነበር» አለች። «የቀረሁትም ተቆልፎብኝ ነው።»

«ሌላ ቦታ ልታስተምሪን ትችዪ ነበር» አለች ማርነሽ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ማልቀስ እንጂ ስም መጥራት አልሆነላትም።

ጥጋቡ አንገቱን ደፍቷል፤ ዓይኑን ግን ከጋቢው ላይ መንቀል አልቻለም። ወይዘሮ አሰለፈችም ጋቢውን እንደዘረጋች ወደ እንግዶቹ ዞረች፤ እንግዶቹ እርስ በርስ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። እስቲ እናንተ ፍረዱ። በሩን ከፍቶ በቅናት ለዘጋው፣ ስህተቱን አርማ አኩርፋ ለቀረችው፣ ወይስ ሰው ለማሳፈር ብሎ ደግ ለሠራው፤ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?