ጎድን የማያሳይ ስልክ

አንድ ጊዜ የአያ ጅቦ ትዳር አንድ ሐሙስ ቀረው። ሚስቱ እመት ጅቢት፣ «በቃኝ! ወይ ሽማግሌ ጥራ፣ ወይ ወደ አባቴ ዋሻ እሄዳለሁ» አለችው።

አያ ጅቦ ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳታል፤ ያለሷ ዋሻው ወና ይሆንበታል። ግን ሽማግሌ ቤት ድረስ ከመጣ ሥጋ ሊቀርብለት ነው!

«ስልክ እያለ ምን አስጨነቀኝ!» አለና ከገደሉ ማዶ ለምትኖረው አስታራቂ፣ ለብልጧ እመት ቀበሮ፣ በምስል ደወለላት። ስልኩን የያዘው እሱ ነው፤ የሁለቱ ፊት ብቻ ይታያል።

«ልጄ፣ ምን ጎደለብሽ?» ስትል እመት ቀበሮ ጠየቀች።

እመት ጅቢት አፏን ስትከፍት አያ ጅቦ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረው። «ምን ይጎድልባታል እሜቴ! ያገኘነውን እኩል ነው የምንካፈለው!»

«እንግዲያ እንደዚያው ቀጥሉ።»

«ታረቅን እኮ!» አለ አያ ጅቦ፤ ስልኩን ዘግቶም የፍየል ታፋ ብቻውን ቆረጠመ።

እመት ቀበሮን ግን ነገሩ ከነከናት። «የጠየቅሁት እሷን፣ የመለሰልኝ እሱ!» አለችና በማግስቱ ገደሉን ዞራ ከች አለች።

ምን ብታይ ጥሩ ነው! የእመት ጅቢት ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የአያ ጅቦ ቦርጭ መሬት ይጠርጋል።

«እሷ እኮ ድሮም ቀጭን ናት» አለ አያ ጅቦ እየተቅለሰለሰ።

እመት ጅቢት እንባዋ መጣ። «ረሃቡንስ እችለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹በላሽ ወይ?› አላልከኝም።»

አያ ጅቦ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ካያት! አፈረ። የደበቀውን ሙዳ ከጓዳ አውጥቶ አጎረሳት። ለእመት ቀበሮም ሲዘረጋላት፣ «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» አለችው።

ስትነሳም እንዲህ አለች፦ «ጉልበቴ ገደል መዞር አይችልም፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ደውሉልኝ። ስልኩን የምትይዘው ግን እሷ ናት።»

ከዚህ የምንማረው ትዳርን ከማዶ በስልክም ሆነ ደጅ ድረስ መጥቶ መጠገን እንደሚቻል፣ አስቀድሞ ግን የተጎዳው ወገን መታየትና በራሱ አፍ መናገር እንዳለበት ነው።